ልጄን ለማያውቋት ሊቀ መንበር

ለክቡር ዶክተር አለኸኝ ቢተው
የፍትሕ ምሰሶ ፓርቲ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ። ስለ ጤንነትዎ እንደማንጨነቅ ሳረጋግጥልዎ ደስ እያለኝ ነው፤ ባለፈው ሰሞን በሬዲዮ ሲናገሩ ድምፅዎ ጥርት ያለ፣ ሳልም ጉንፋንም የማይሰማበት ስለነበር የሰማን ሁሉ አልሐምዱሊላህ ብለናል። ባለቤትዎና ልጆችዎም ባሉበት ሰላም እንዲሆኑ፣ በተለይ ልጆችዎ ሁልጊዜ ከዓይንዎ ሥር እንዲውሉ እመኛለሁ። እኛ ግን ደህና አይደለንም። ደብዳቤ ሲጀመር ደህና ነን ማለት ወግ መሆኑን ባላጣውም ዙሪያ ጥምጥም የምሄድበት ፋታ ስለሌለኝ ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ካላስታወሱኝ ደግሞ አልቀየምም፣ በቅርቡ የእርስዎ የማስታወስ ችሎታ ምን ያህል እንደሆነ ተረድቻለሁና። መሐሙድ ይማም እባላለሁ፤ እዚህ መካነ ሰላም ልጆች ቁርዓን የማስቀራ ሰው ነኝ። እርስዎ ወደ ከተማችን በመጡ ጊዜ ከቤቴ ገብተው፣ ከማዕዴ ቀምሰው፣ ባለቤቴን ሀሊማን «እናቴ» ብለው ጠርተዋታል። ጉዳዬን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩትም በስውር ለመጻፍ ስላልሞከርኩ አይደለም። ደሴ ያለው የፓርቲዎ ተወካይ አዩብ፣ ሰላምታው የማያልቅበት መልካም ልጅ፣ በደወልኩ ቁጥር «ዶክተሩ ሆቴል ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እነግራቸዋለሁ፣ አብሽሩ» ሲለኝ ከርሞ አሁን ስልኩን ማንሳት ትቷል። እርስዎም ይህን «አብሽሩ» የሚለውን የአገራችንን ማጽናኛ ከእኛ ተምረው በንግግርዎ መሐል ደጋግመው ይጠቀሙበት እንደነበር አስታውሳለሁ። አነጋገሩን ጥሩ አድርገው ይዘውታል።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ቢሮ ውስጥ አይነበብም ሲባል ሰምቻለሁ።

አንደኛ፦ ልጄን መድናን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል መርጠው ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። እርስዎ የመጡት አዝመራ ተሰብስቦ ሰው ፋታ ባገኘበት ሰሞን ነበር። ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ መኪናዎን እንዳንገላታው ነግረውን፣ ፓርቲዎ ቢመረጥ መንገዱን እንደሚያስተካክል ቃል ገብተው፣ እኛም እንደ ልማዳችን አጨብጭበን ነበር። ያኔ ልጄ ተነሣች። ዐረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ በመጨረሻም መመለሻ የሌላቸው ሴቶች በሚታጎሩበት ሥፍራ ከርማ የመጣች ልጅ ናት። ስለ መንገዱ አልጠየቀችዎትም። «እዚያ በተዘጋብን ቤት ውስጥ ትልቁ ረሃብ የምግብ አልነበረም። በውጭ ሆኖ ይቺ የኛ ናት የሚል ሰው ማጣት ነበር። እናንተ ብትመረጡ ስማችንን ጠርቶ የሚጠይቅ ሰው ይኖረናል ወይ?» ብላ ጠየቀችዎት። እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው፣ ዓይንዎን ጠርገው፣ በእኛ ፓርቲ ማንም ሰው ተረስቶ አይቀርም ብለው መለሱላት። እኔ በበኩሌ መነጽሩ ሲወልቅ አብሬዎ ዓይኔን ጠርጌ ነበር። ዛሬ ሳስበው በወቅቱ አቧራ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛ፦ በማግስቱ ሽማግሌ ልከው ልጄን ለዕጩነት ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። እኔ እምቢ ብዬ ነበር። ከባሕር ማዶ በአሏህ ቸርነት የተመለሰችልኝን ልጅ ደግሞ ለምን ፖለቲካ ውስጥ እከታታለሁ፣ ወቅቱም መልካም አይደለም ብዬ ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸው ነበር። እርስዎ ግን ራስዎ መጥተው ከምንጣፌ ላይ ተቀመጡና፣ ይቺ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ልጅ ናት፣ የሚነካት ቢኖር መጀመሪያ እኔን ይነካል አሉኝ። ሀሊማ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። መድናም ትሰማ ነበር። ልጄ ከተመለሰች ጀምሮ እንደዚያን ዕለት ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ እምቢታዬን ያስተወኝም የእርስዎ ንግግር ሳይሆን ያ ሳቋ ነበር።

ስለዚህ በአገሩ ሽማግሌ በሼህ በሽር ቤት ዱዓ ተደረገ። ክቡር ሆይ፣ ስለዚህ ልማዳችን ያስረዳዎት ሰው ካልነበረ ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ አሁን ላስረዳዎ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው የሌላውን ልጅ ለትዳርም ይሁን ለትልቅ ሥራ ሲረከብ ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ከምርቃቱ ቀጥሎ አደራውን ይናገራል። ተረካቢው እጁን ዘርግቶ አሚን ካለ ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ዋስ ጥራ፣ ፈርም፣ ማኅተም አምጣ ማለት ሰውየውን ፊት ለፊት እንደ መስደብ ይቆጠራል። በዚያ ቀን ሼህ በሽር ለአገሩ ሰላምን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜን ከለመኑ በኋላ፣ «ያረቢ፣ ይችን ልጅ ከእጃችን የተቀበለንን ሰው ከፍ አድርገው። በክፉ ቀን አላውቃትም ያላት እንደሆነ ግን አንተም አላውቅህም በለው» አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው አሚን አለ። ጎረቤታችን የሻለም ክርስቲያን ብትሆንም እንደ ሁልጊዜው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አሚን ብላለች። የሁላችንንም ድምፅ የበለጠው ግን የእርስዎ ነበር።

እነሆ ስሕተታችን ይህ ነው። ደሴ ተምሮ የተመለሰው ሁዜይፋ የሚባል ወጣት፣ ለመድና የዕጩነት ደብዳቤ ይጻፍላት፣ ስሟም የት እንደተመዘገበ እንወቅ ብሎ ቢናገር ሽማግሌዎቹ ገሠጹት። እኔማ ከሁሉም በላይ ተቆጣሁት፤ አሚን ያለን እንግዳ ወረቀት ትጠይቃለህ ወይ፣ ምን ዓይነት ትምህርት ነው የተማርከው ብዬ አሳፈርኩት። እርስዎም በትሕትና አንገትዎን ደፍተው ፈገግ ሲሉ አየሁ፤ በጨዋነታችን ተደንቀው መስሎኝ ነበር። ያ አሚን እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ እንግዳ ላለመምሰል የሚባል ነገር መሆኑን ማን ያውቃል? እኛ እንደ ቃል ኪዳን ተቀበልነው፣ እርስዎ እንደ መስተንግዶ ቆጠሩት። ይህን የመሰለ ሞኝነት የትም አገር የሚፈጸም አይመስለኝም፤ ስለዚህ በመጪው የምርጫ ቅስቀሳዎ ላይ የአካባቢያችን ልዩ ሀብት ብለው ቢጠቅሱት አንቃወምም።

ሦስተኛ፦ ስለ ሬዲዮው ቃለ ምልልስ አመሰግናለሁ። ለማያውቁ አንባቢዎች ስል የሆነውን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ልጄ ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ፣ በአንዲት ሴት ቤት፣ ሴቶች ሰብስባ ምርጫ ምን እንደሆነና የእርስዎ ፓርቲ ምን እንዳሰበ ስታስረዳ ተያዘች። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ ገጠር ወርዶ ሰው የሚሰበስብ ሰው ወይ የፓርቲ ሰው ነው፣ ወይ የጫካ ሰው ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሦስተኛ ዓይነት ሰው የለም። የያዟትም ሰዎች የጠየቋት ማን ላከሽ የሚል ነበር፤ እሷም የእርስዎን ስም ከነማዕረግዎ ተናገረች። እኛ ተከትለን እስር ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ የከፋ ቃል አልመለሱልንም። ፓርቲው ልኬያታለሁ ብሎ ያረጋግጥ እንጂ ትለቀቃለች አሉን። እኔና ሀሊማ ከዚያ ደጃፍ እየተሳሳቅን ተመለስን። የሚጠበቀው የእርስዎ አንድ ቃል ብቻ ነበርና ልጃችንን በእጃችን ያስገባን ያህል ነበር የተሰማን።

ከዚያ በኋላ በሬዲዮ ቀረቡ። ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ነበር። ጋዜጠኛው መካነ ሰላም ላይ ስለታሰረችው ሴት ሲጠይቅዎ ሁላችንም ወደ ሬዲዮው ተጠጋን። እርስዎም በዚያ ጥርት ባለ ድምፅዎ ፓርቲያችሁ በዚያ አካባቢ ያሰማራው ሰው እንደሌለ፣ የተባለችውን ግለሰብ እንደማያውቋት፣ በፓርቲው ስም የሚነግዱ ሰዎችንም ሕግ ቢጠይቃቸው እንደማይቃወሙ ተናገሩ። ሬዲዮኑን ተነሥታ የዘጋችው የሻለም ነበረች። «እኔ አሚን ያልኩት እናንተን አምኜ ነው፤ አሁን ለዚህ ሰውዬ አሚን ያልኩትን ማን ይመልስልኝ?» ስትል ሰማኋት። ሀሊማ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ብዙ አትናገርም።

ግለሰብ ማለትዎን ወድጄዋለሁ። «ልጄ» ብለው የጀመሩትን «ግለሰብ» ብለው መጨረስ ትልቅ የቋንቋ ችሎታ ይጠይቃል።

በማግስቱ የነገሩ መልክ ተለወጠ። ፓርቲ ካልላካት ታዲያ ማን ላካት የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ መልሱን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ስንቅ የምናቀብልበት ደጃፍ ላይ ያሉት ሰዎች ፊታቸው ጠቆረ። ከእነሱ አንዱ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ «አባ፣ የራሷ ሰዎች ካዷት እኮ፣ እኛ ምን እናድርግ?» አለኝ። እውነቱን ነው። አሁን የፍርድ ቤት ቀጠሮዋ ደርሷል። ወደ ሌላ ቦታ ልትዛወር ነው የሚል ወሬም አለ፤ ከተዛወረች ደግሞ የት እንደምንፈልጋት አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ፍትሕ ማጉደል ይሆንብኛል። ያሰሯት ሰዎች ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠሩ ከነአባቷ፣ መድና መሐሙድ ብለው፣ ሳይሳሳቱ ነው የሚጠሯት። ያለችበትን ክፍል ያውቃሉ፣ ራስ ምታቷ ሲነሣባት ያውቃሉ፣ አባቷ እኔ መሆኔን ያውቃሉ። የማያውቋት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከአሳሪና ከነጻ አውጪ ልጄን ጠንቅቆ የሚያውቃት አሳሪው ሆኖ ሲገኝ፣ እንደኔ ያለ ያልተማረ ሰው በምርጫ ካርዱ ላይ ምን ምልክት ማድረግ እንዳለበት ቢምታታበት አይፍረዱበት።

ስለ ምርጫው ካነሣሁ ዘንድ፣ ሰዎች ይጠይቁኛል። በገበያ ቀን ከማሻም፣ ከአቀስታም የመጣ ሰው ያቆመኝና፣ ያ ሰውዬ ይመረጣል ወይስ አይመረጥም፣ አንተ ታውቀዋለህ ይለኛል። ለምርጫው ሲባል ከባለሥልጣኖቹ ጋር ተስማምቷል፣ የእናንተን አካባቢ ለቅቆላቸው በምትኩ ወንበር ተዘጋጅቶለታል የሚሉኝም አሉ። እኔ ይህን ወሬ አልቀበልም፤ የራሱን ዕጩ ያልለየ ሰው የራሱን ወንበር እንዴት ይለያል ብዬ እሟገትልዎታለሁ። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ አለ፣ እሱን መመለስ አቅቶኛል። ሥልጣን ሳይዝ፣ ዘበኛ ሳያቆም፣ ገና በልመና ላይ እያለ አንዲት ሴት ልጅን የካደ ሰው፣ ሥልጣን በያዘ ጊዜ ስንቶቻችንን ሊክድ ነው? ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ ሀሊማ ናት፤ ስለ እርስዎ የተናገረችውም ይህንኑ ብቻ ነው። እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ መልሱን ቢልኩልን አነብላታለሁ።

አራተኛ ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። ቁጥሩ አልቆብኝ አይደለም። ክቡር ሆይ፣ አሁን ምፀቱንም ሥርዓቱንም ለጊዜው አስቀምጬ እንደ አባት ልለምንዎ። ልጄን ያውጡልኝ። ለእርስዎ ከባድ ነገር አይደለም። ጠበቃ ይላኩልኝ አላልኩም፣ ሰልፍ ውጡ አላልኩም፣ ቅሬታዬንም እተዋለሁ። በዚያው ሬዲዮ ላይ ቀርበው «መድና መሐሙድን የላክናት እኛ ነን» ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ስለ መንገዱም፣ ስለ ትምህርቱም፣ ስለ ኑሮ ውድነቱም ይናገሩ። ያችን አንዲት ቃል ከቀጠሮዋ በፊት ቢናገሩልኝ በሕይወቴ ሙሉ ከዱዓዬ አላጎድልዎትም። ቢፈልጉ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ የትኛው በር ላይ እንደምወድቅ ብቻ ይንገሩኝ። ሌሊት ሌሊት ሀሊማ ተነሥታ በሩን ትከፍታለች፣ ምን ሆንሽ ስላት ሰው የመጣ መሰለኝ ትለኛለች። እንቅልፍ ካጣን ከርመናል። ልጆቹን ሳስቀራ ፊደሉ ይጠፋብኛል፤ ልጆቹም እየቀደሙ ያነቡልኛል። ከባሕር ማዶ በደህና የተመለሰችልኝን ልጅ፣ ከቤቴ በእግር በሚደረስበት ቦታ ተነጠቅኋት። ይህን ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ነው ለእርስዎ የምጽፈው።

ለእርስዎም በማዘን ወደ ሼህ በሽር ዘንድ ሄጄ ነበር። ያን ቀን የለመኑትን ልመና ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ እውነቱን ልንገርዎና ፈርቼልዎ ነው፣ አሏህ አላውቅህም ያለው ሰው የት ይገባል? እሳቸውም፣ «እኔ ለመንኩ እንጂ አልፈረድኩም። አሚን ያለው እሱ ነው» አሉኝ። ቢሆንም ሽማግሌዎቹ ልባቸው ሰፊ ስለሆነ፣ እርስዎ ቃልዎን መልሰው አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ቢሏቸው አውፍ ሊሉዎት ዝግጁ መሆናቸውን እንዳሳውቅዎ ልከውኛል። ለዚህ መምጣትም አይጠበቅብዎትም፤ መንገዱ ያንገላታዎታል።

ይህን ሁሉ ቃል ታግሠው ያነበቡልኝ እንደሆነ፣ የስብሰባዎን ጊዜ ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፤ ልጄን በመምረጥዎ ያገኘሁትን ክብር፣ እሷን በመካድዎም ያገኘሁትን ትምህርት ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ለማካፈል ቃል እየገባሁ፤ ለተቃዋሚነትዎ ጽናትን፣ ለድምፅዎ እንደዚያው ጥራትን፣ ለማስታወስ ችሎታዎ ደግሞ ሺፋንና ፈውስን እየተመኘሁ፤ ከምንጣፌ ተቀምጠው የነበሩበትን ሥፍራ ማንም ሳይቀመጥበት በክብር የጠበቅሁልዎ፣ በእርስዎ ዘንድ የማይታወቅ ግለሰብ፣

መሐሙድ ይማም
የመድና መሐሙድ አባት
መካነ ሰላም

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልልክ ስል ልጄን እንዳያት ለአጭር ጊዜ ተፈቀደልኝ። የእርስዎን ቃለ ምልልስ በጆሮዋ አልሰማችም፤ የያዟት ሰዎች ዶክተሩ ካደሽ ብለው ቢነግሯትም ሊያታልሉኝ ነው ብላ አላመነቻቸውም። ከስታለች። እንዳየችኝ ስለ እናቷ እንኳ ሳትጠይቅ፣ «አባ፣ ዶክተሩ ዝም ያሉት እሳቸውም ታስረው ነው አይደል?» አለችኝ። ውሸት ሐራም መሆኑን ልጆች የማስተምር ሰው ነኝ፤ ዓይኗን አይቼ ግን አዎ፣ ታስረዋል አልኳት። ለእርስዎ አለቀሰች። ከዚያም የምትተኛበትን ብርድ ልብስ አስወጥታ ሰጠችኝ፤ እሳቸው ብርድ አልለመዱም፣ ባሉበት እስር ቤት አድርስልኝ አለችኝ። ብርድ ልብሱ እኔ ዘንድ ነው። የትኛው ሆቴል፣ የትኛው ክፍል ብዬ ልላክልዎ?